ህመሙ ቆመ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም፦ ሁለቴ ሩት ካናል ያሠራሁበት ተሞክሮ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ይሄን የምጽፈው ሀኪም "ሩት ካናል ያስፈልግሻል" (የታመመውን ጥርስ ሳይነቅሉ ውስጡን ጠርጎ መሙላት ነው) ብሏት ከክሊኒክ ወጥታ መንገድ ዳር ቆማ ምን ይሻለኛል እያለች ላለች ሴት ነው፣ ለወንዱም እንደዛው። እኔም እንደዛ ቆሜ አውቃለሁ፣ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ በዛ ፀሀይ፣ ጉንጬን በሻርፕ ይዤ፣ ባጃጅ ለመጥራት አፌን መክፈት እንኳን ከብዶኝ። ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቼ ላይ ሩት ካናል ተሠርቶልኛል፣ አንዱ በ2013፣ አንዱ አምና በ2017። የ2013ቱ ጥርስ ዛሬ አፌ ውስጥ የለም። የአምናው ግን አለ፣ እንጀራዬንም የምበላው በሱ ነው። ያንን ያጣሁበትንና ይሄን ያተረፍኩበትን ምክንያት ነው መናገር የፈለግኩት።

ያደግኩት ወንጂ ነው። የወንጂ ልጅ ጥርሱ ይታወቃል ይባላል አይደል፣ እውነትም ይታወቃል፣ ስንስቅ ቡናማ ነን። በኛ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ልጅ ጥርሱ ገና ድዱ ውስጥ እየተሠራ እያለ ያንን ውሃ ከጠጣ በልዞ ነው የሚወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ እኛ ጋ ግን ከዛ እጥፍ ድርብ የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው፣ ጥርሴ ላይ የጠቆረች ነገር ሳይ "ያው የወንጂ ውሃ ነው" ብዬ ለስንት ጊዜ አለፍኳት። የበለዘ ጥርስ አይቦረቦርም የሚባል ወሬም ሰምቼ ነበር። ስህተት ነው። መበለዝ ሌላ መቦርቦር ሌላ፣ አንዱ ጥርስ ላይ ሁለቱም ሊኖር ይችላል፣ እንደኔ ጥርሱ የበለዘ ሰው እንዲያውም መቦርቦሩን በዓይኑ መለየት ስለሚከብደው ሳያመውም ቢታይ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው የግራ የታችኛው መንጋጋ ነበር። ሲጀምር ሻይ በስኳር ስጠጣ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፣ ወዲያው ይተወኛል። ከዛ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዛ ሌሊት መጠዝጠዝ መጣ፣ ቀን ተሽሎኝ ውዬ ልክ ጎኔን ሳሳርፍ ይነሳል፣ ግማሽ ሌሊት ተቀምጬ ነው የማነጋው። ጎረቤታችን ለኔ አዝነው ነጭ ሽንኩርት ከቅርንፉድ ጋር ወቅጠው አመጡልኝ፣ ሌላው ደሞ አረቄ ያዢበት አለኝ። ነጭ ሽንኩርቱን ይዤ ተኛሁ፣ ጠዋት ድዴ ተልጦ ነጭ ሆኖ ተነሳሁ፣ ህመሙ አልሄደም ቁስል ተጨመረልኝ። አስፕሪን ሰባብረው ጥርሱ ላይ የሚያስቀምጡም አሉ፣ እሱም እንደዛው ያቃጥላል፣ እባካችሁ ምንም ነገር አታስቀምጡበት። በመጨረሻ ፋርማሲ ሄጄ ሀኪም ሳያየኝ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዛሁ። በአምስተኛው ቀን ህመሙ ቆመ። ተመስገን አልኩ፣ መድሀኒቱ ሠራ ብዬ ለጓደኞቼም መከርኩ፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ምን እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ የአሁኗ ሀኪሜ ስታስረዳኝ ነው። ጥርስ እንደ ድንጋይ ድፍን አይደለም፣ መሀሉ ክፍት ነው፣ ውስጡ ነርቭና ደም ስር ያለበት ለስላሳ ስጋ አለ፣ ከመሀሉ ተነስቶ በቀጫጭን ቦዮች እስከ ስሩ ጫፍ ይወርዳል። ሩት ካናል የሚባሉት ቦዮቹ ናቸው። መቦርቦሩ ወደ ውስጥ ገፍቶ እዛ ሲደርስ ስጋው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ያብጥና ቆዳው ይለጠጥለታል፣ ጥርስ ውስጥ ግን ዙሪያው ግድግዳ ነው፣ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ነርቩን ይጨምቀዋል። ስንጋደም ደም ወደ ራስ ስለሚበዛ ሌሊት የሚብሰው ለዛ ነው። እንዲህ እየተጨመቀ ይቆይና ነርቩ ይሞታል። ሲሞት ህመሙ ፀጥ ይላል! እኔ ዳንኩ ያልኩት ነርቩ ሲሞት ነው። ጀርሙ ግን ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ በስሩ ጫፍ ወደ አጥንቱ ይወጣል። አንቲባዮቲክ ደሞ የሚጓዘው በደም ነው፣ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይገባም፣ ስለዚህ ክኒን ብንቅም ብንቅም ምንጩ ጋ አይደርስም። እብጠት ሲሰራጭ ወይ ትኩሳት ሲኖር ሀኪም ያዝዘዋል፣ ጥቅም አለው፣ ብቻውን ግን የጥርሱን ነገር አይጨርስም።

ስምንት ወር ምንም ሳያመኝ ቆየሁና አንድ ቀን ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር አየሁ። ስጫናት የሚመር ነገር ወጣ፣ መግል ነው። ያኔ ነው ክሊኒክ የሄድኩት፣ ራጁ ላይ ከስሩ ጫፍ ስር ክብ ጥቁር ነገር ታየ፣ አጥንቱ ተበልቷል ማለት ነው። ሩት ካናሉ በሦስት ቀጠሮ ተሠራ፣ ነርቩ ቀድሞ ስለሞተ ምንም አላመመኝም፣ ተሞላልኝ፣ ብጉሯም ጠፋች። ክራውን የሚባለውን የጥርስ ቆብ ግን ያከሙኝ ሰዎች "ከፈለግሽ በኋላ ታደርጊያለሽ" አሉኝ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም አላስረዳኝም፣ እኔም ስላላመመኝ ለውበት መሰለኝና ተውኩት። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ እሁድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ቆሎ እየቆረጠምን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ከድድ ስር ወርዷል። እንዲህ ከሆነ መጠገኛ የለውም፣ ተነቀለ። ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ ሁሉ ብር፣ በአንድ ጭብጥ ገብስ ሄደ።

ስለዚህ ይሄን አስምሩበት፦ መንጋጋ ላይ ሩት ካናል ከተሠራ ክራውን አብዛኛውን ጊዜ የህክምናው ክፍል ነው። ጥርሱ ቀድሞ በመቦርቦር ግማሹ ሄዷል፣ ሀኪሙ ቦዮቹን ለማግኘት ደሞ ከላይ ይከፍተዋል፣ የቀረው ግድግዳ ብቻ ነው፣ የምናኝክበት ጥርስ ስለሆነ ጫናው ይሰነጥቀዋል። ክራውኑ እንደ ቆብ ከላይ አጥልቆ ግድግዳውን አንድ ላይ ይይዘዋል። የፊት ጥርስ ብዙ ካልተጎዳ ያለ ክራውንም ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ አምናው ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው እንዲህ ዓይነቱን ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። መምህር ነኝ፣ ጥር ላይ የመንፈቅ ፈተና እያረምኩ ቡና ስጠጣ የቀኝ የታችኛው መንጋጋዬ ነደደ፣ ቡናውን ከዋጥኩ በኋላም አልተወኝም፣ ደቂቃ አለፈ እሱ እዛው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ስይዝበት ደሞ ይተወኛል፣ ውሃው ሲሞቅ ይመለሳል፣ ስለዚህ አንድ ሃይላንድ ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ እየተጉመጠመጥኩ ነው ወረቀት ያረምኩት። ሙቅ ነገር ከነካው በኋላ ህመሙ የሚቆይ ከሆነ፣ ምንም ሳይነካው በራሱ የሚነሳ ከሆነ፣ ነርቩ ሊመለስ የማይችልበት ደረጃ መድረሱን ያሳያል አለችኝ ሀኪሟ። እኔ የበፊቱ ትምህርት ስለሆነኝ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ።

መጀመሪያ በጣም የቀዘቀዘ ጥጥ እያንዳንዱ ጥርሴ ላይ እየነካች "ሲሰማሽ እጅሽን አንሺ፣ ሲተውሽ አውርጂ" አለችኝ፣ ከዛ በመስታወቷ እጀታ ቀስ እያለች መታ መታ አደረገች፣ ራጅ አነሳችኝ። ከዛ ጥያቄ፦ ግፊት አለሽ ወይ፣ ስኳር፣ ጨጓራ፣ አስም፣ እርግዝና፣ የሚያሳብጥሽ መድሀኒት አለ ወይ። የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ባይጠየቅም ራሱ ቀድሞ ይናገር፣ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋውንም ለያይታ ነገረችኝ፣ ራጅ ስንት፣ ሩት ካናል ስንት፣ ቋሚ ሙሌቱ ስንት፣ ክራውኑ ስንት። እናንተም እንደዛ ለያይታችሁ ጠይቁ፣ ሩት ካናሉን ብቻ ቆጥራችሁ ገብታችሁ ክራውን ላይ ብር እንዳያጥርባችሁ፣ እኔ ባለቤቴ ከእቁቡ አውጥቶ ስለሰጠኝ ሙሉውን ይዤ ነው የጀመርኩት ማለት ይቻላል። እቃዎቹንም የታሸጉበትን ፖስታ እፊቴ ቀድዳ ነው ያወጣችው። ይሄን ማየት መብታችሁ ነው፣ መጠየቅ አያሳፍርም።

ማደንዘዣው ሲወጋ ትንሽ ይቆነጥጣል፣ ከዛ ልቤ ድም ድም አለ፣ ፈራሁ። "ውስጡ አድሬናሊን ስላለ ነው፣ አሁን ይተውሻል" አለችኝ፣ እውነትም ደቂቃ ሳይሞላ ተወኝ። ከንፈሬና ምላሴ ግማሹ የኔ አልመስል አለኝ። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥርሱን መክፈት ስትጀምር አመመኝ። ከንፈሬ ደንዝዞ ጥርሱ ግን አልደነዘዘም። እንደዛ የተቆጣ ነርቭ ማደንዘዣ እንቢ ይላል፣ በተለይ የታች መንጋጋ። ቀድማ "ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ፣ ወዲያው አቆማለሁ" ብላኝ ስለነበር አነሳሁ፣ አቆመች፣ ጥርሱ ዙሪያ ድዱ ላይ ጨመረችልኝ፣ ከዛ ትንሽ ከከፈተች በኋላ አንድ እዛው ጥርሱ ውስጥ ወጋችኝ። እሱ መቼም ያማል፣ አልዋሽም፣ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩት፣ ግን ሦስት አራት ሰከንድ ነው፣ ከዛ በኋላ ፀጥ። ከሦስት ቀን በኋላ መጀመሪያ ፀጥ ያልኩት እዛች ወንበር ላይ ነው፣ እንባዬ መጣ፣ እሷ ያመመኝ መስሏት ደነገጠች። እና እባካችሁ ችላችሁ አትቀመጡ፣ እጅ አንሱ፣ ጨምሪልኝ በሉ፣ ጉብዝና አይጠይቅም።

ከዛ ጥርሱ ብቻ ወጥቶ እንዲታይ ስስ ጎማ አፌ ላይ ወጠረችብኝ፣ ራበር ዳም ይሉታል። መጀመሪያ የታፈንኩ መሰለኝ፣ ግን በአፍንጫ ስተነፍስ ለመድኩት (ጉንፋን ካለባችሁ ቀድማችሁ ንገሩ)። ጎማው ትልቅ ነገር ነው፣ ምራቅ ከነጀርሙ ጥርሱ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፣ እቃ ወደ ጉሮሮ እንዳይገባም፣ መድሀኒቱ አፍ እንዳያቃጥልም። መድሀኒቱ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ አፍንጫዬ አላታለለኝም፣ እሱ ራሱ ነው፣ ለዚህ ሥራ ተዘጋጅቶ፣ የሞተውን ስጋ የሚያሟሟና ጀርሙን የሚገድል። በቀጫጭን መርፌ መሳይ ፋይሎች ነው ቦዮቹ የሚጠረጉት፣ እጀታቸው በቀለም ነው፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እያለ ይወፍራል፣ እሷ ስትቀያይር እኔ ቀለሙን እቆጥራለሁ። ከንፈሬ ጥግ ላይ ሽቦ ሰክታ ፋይሉን ስታስገባ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ የስሩ ጫፍ ሲቃረብ ድምፁ ይፈጥናል፣ ርዝመቱን የምታውቀው በሱ ነው። የታች የመጀመሪያው መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሦስት ቦይ ነው ያለው፣ የኔ አራት ሆነ፣ አራተኛዋን ስታገኝ ከጎማው በላይ ዓይኗ ሲስቅ አየሁት። አንድ ቦይ ከተረሳ እኮ ጀርሙ እዛ ይቀራል፣ በኋላ ያገረሻል፣ ስለዚህ ሀኪም ሲቆይባችሁ አትነጫነጩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። መድሀኒት አስቀምጣ በጊዜያዊ ሙሌት ዘጋችው።

ስለ ማገገሙ። ማደንዘዣው ሦስት ሰዓት ገደማ ቆየ፣ እስኪለቅ ምንም አትብሉ፣ ከንፈራችሁን ነክሳችሁ አይሰማችሁም፣ ትኩስ ነገርም ያቃጥላችኋል። እየለቀቀ ሲመጣ መጠዝጠዝ ጀመረኝ፣ የበፊቱ ዓይነት አይደለም፣ እንደተመታ ቦታ ነው። ሳይለቅ ቀድመሽ ዋጪ ስላለችኝ አይቡፕሮፌን 400 ምግብ በልቼ ወሰድኩ፣ ከፓራሲታሞል ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል፣ ሁለቱ ሲደጋገፉ ይሻላሉ። ጨጓራ ወይ የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ አይቡፕሮፌኑን ሀኪም ሳይጠይቅ እንዳይወስድ፣ ፓራሲታሞልም በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም። ሁለተኛው ቀን ጥርስ ለጥርስ ሳጋጥም ያመኝ ነበር፣ ሦስተኛው ቀን ቀለለ፣ በሳምንቱ ረሳሁት። ከጥርሱ ይልቅ አፌን ከፍቼ የቆየሁበት የመንጋጋዬ መገጣጠሚያ ነው ሁለት ቀን ያስቸገረኝ፣ ማዛጋት አልቻልኩም፣ ሙቅ ፎጣ ስይዝበት ተሻለኝ። የበላሁት ለብ ያለ አጥሚት፣ ሽሮ ፍትፍት፣ ሙዝ፣ በግራ በኩል። ጊዜያዊው ሙሌት ስስ ነው፣ ማስቲካም ቆሎም የበቆሎ እሸትም በሱ በኩል አይሆንም፣ የሚቅም ሰው ካለም በዛ ጉንጭ ጫት እንዳይዝ። ለብ ያለ ውሃ በጨው መጉመጥመጥ፣ ጥርሱን በቀስታ መቦረሽ፣ አለቀ። ከተሞላ በኋላ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከመሰላችሁ ይለመዳል ብላችሁ አትቀመጡ፣ ተመልሳችሁ አስሞርዱት፣ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ካልሆነ ሲያማችሁ ይከርማል።

ከህክምናው በኋላ ህመሙ በመቀነስ ፋንታ በሦስተኛ በአራተኛ ቀን ከጨመረ ወይ ፊት ካበጠ ደውሉ። እብጠቱ ወደ አገጭ ስር ወይ ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይ አፍ መክፈት ካስቸገረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳት ካለ ግን የጥርስ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ሌሊት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፣ የጥርስ ኢንፌክሽን ጉሮሮ ዘግቶ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ከሳምንት በኋላ ነበር፣ አጭር፣ ምንም ህመም የሌለው። ቦዮቹን ጉታ ፐርቻ በሚባል እንደ ሙጫ ያለ ነገር ሞላችና ራጅ አንስታ አሳየችኝ፣ አራት ነጭ ክሮች እስከ ስሩ ጫፍ ወርደው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጠፋው፣ አያመውማ፣ ሥራ አለ፣ ብር አጥሯል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። እኔ ግን የተሰነጠቀው ጥርሴ ትዝ እያለኝ በሁለተኛው ሳምንት ለክራውን ተመለስኩ። ጥርሱን ዙሪያውን ሞርዳ ልኩን ወሰደች፣ የቀለም ናሙናዎቹን ይዛ መስኮቱ ጋ አቆመችኝና በቀን ብርሃን ከጎረቤት ጥርሶቼ ጋር እያስተያየች ቡናማ ጣል ያለበትን መረጠችልኝ። ነጭ ይሁንልኝ ብዬ ነበር፣ "ብቻውን ነጭ ከሆነ ጥርስሽ አይመስልም" አለችኝ፣ ልክ ነበረች፣ አሁን የትኛው እንደሆነ ባለቤቴም አይለየውም። ክራውን ማለት ደሞ ከእንግዲህ አይቦረቦርም ማለት አይደለም፣ ጠርዙ ከድዱ ጋ የሚገናኝበት ቦታ በደንብ መቦረሽ አለበት፣ ነርቭ ስለሌለው ቢበላሽም አያስጠነቅቅም። በስድስተኛው ወር ለራጅ ተመልሼ ነበር፣ ደህና ነው አለችኝ፣ በዓመቱ ደግሞ አንዴ ይታያል።

ባለፈው ሳምንት ወንጂ እማዬ ጋ ሄጄ ነበር። ቡና እየጠጣን በቀኝ በኩል ብቻ ስታኝክ አየኋትና ምን ሆነሽ አልኳት። "ጥርሴን አሞኝ ነበር፣ ሁለት ሳምንት አላስተኛኝም፣ አሁን ግን በራሱ ተወኝ ልጄ" አለችኝ ደስ ብሏት። አፏን በስልኬ መብራት አየሁላት፣ ድዷ ላይ ያቺ ብጉር አለች። ሰኞ ጠዋት ክፍል የለኝም፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይዣት እመጣለሁ።